ጁምላ 1.5 ላይ ያለ የቆየ ሳይት እንዴት ላውጣ? ጽሑፉ አማርኛ ነው፣ መጥፋት የለበትም

የለገሀሬ_ልጅ፦

ሰላም ያ ጀማዓ፣ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ።

ድሬ ነው ያለሁት፣ ከዚራ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት እሠራለሁ። ኮምፒውተር ስለምነካ ብቻ አይቲ ተብዬ የተጫነብኝ አንድ ሳይት አለ። የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞችና ልጆቻቸው በ2002 ዓ.ም. ገደማ አዋጥተው በጁምላ (ሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው) ያሠሩት ነው፣ ውስጡ የጋራዡ ፎቶ አለ፣ የመታወቂያ ስካን አለ፣ ሽማግሌዎቹ እያወሩ ልጆቻቸው የጻፉት ትዝታ አለ፣ የእረፍት ማስታወቂያ ሳይቀር። 640 ምናምን ጽሑፍ ይሆናል፣ ፎቶው ደግሞ ከ3 ጊጋ በላይ ነው። የሠራው ልጅ ውጪ ከሄደ ቆየ፣ ስልኩ አይሠራም። አባቴም እዛ ላይ አለ፣ ቱታውን ለብሶ ከባቡሩ ጎን ቆሞ፣ እና ፎቶው ቤት የለንም ሳይቱ ላይ ብቻ ነው ያለው ስለዚ ነገሩ ለኔ ሥራ ብቻ አይደለም።

አሁን ምን ሆነ፣ ሆስት ያደረገው ድርጅት ኢሜይል ላከ፣ ፒኤችፒ 5.3ን (ሳይቱ የሚሠራበት የኮድ ቋንቋ ነው) ከሰርቨሩ ላነሳ ነውና 30 ቀን አላችሁ አለ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲፓኔል (የሆስቱ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብቼ ፒኤችፒውን ወደ 8 ቀየርኩት፣ ሳይቱ ነጭ ወረቀት ሆነ! ደንግጬ መለስኩት። ሌላው ደግሞ ጉግል ላይ የሳይቱን ስም ስፈልግ ከስሙ ሥር የሚወጣው የመድኃኒት ማስታወቂያ ነው፣ ያውም የማይነገር መድኃኒት፣ እኛ ሳይቱን ስንከፍተው ግን ምንም የለበትም። አንድ አዛውንት ልጃቸው አይታው ምን እየሸጣችሁ ነው ብላ ደወለችላቸው መሰላችሁ።

የጁምላው አድሚን ፓስወርድ የለኝም፣ ሲፓኔሉ ግን አለኝ። ጥያቄዬ፦ ጁምላውን አፕዴት ላድርገው ወይስ ወደ ሌላው ሳይት መሥሪያ ወደ ወርድፕረስ ልውሰደው? ከየትስ ነው የሚጀመረው?

ሳቢያን_ዴቭ፦

ወንድሜ አፕዴት የሚባለውን ነገር እርሳው። ጁምላ 1.5 ድጋፉ ያበቃው በፈረንጆቹ 2012 ነው። ከ1.5 ወደ 2.5 መሄድ ያኔም አፕዴት አልነበረም፣ ራሱን የቻለ ዝውውር ነው፣ ዳታቤዙ (ጽሑፉ ሁሉ የሚቀመጥበት) ተገልብጦ ነው የሚሄደው። 2.5 ደግሞ በ2014 መጨረሻ አበቃ፣ 3 በኦገስት 2023 አበቃ፣ ከዛ 4፣ ከዛ 5። በየደረጃው ቴምፕሌቱ (የሳይቱ መልክ) ይሞታል ኤክስቴንሽኑ (ተጨማሪ የተጫነው) ይሞታል፣ አንተ አራት ጊዜ አስከሬን ተሸክመህ ልትሄድ ነው።

ነጭ ወረቀት የሆነበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው፣ 1.5 ከዳታቤዙ ጋር የሚያወራባቸው የድሮ የማይኤስኪውኤል ፈንክሽኖች ከፒኤችፒ 7 ጀምሮ ተነስተዋል። ኮዱ ይጠራል፣ የሚመልስለት የለም። ማስተካከል ይቻላል ወይ ካልከኝ ይቻላል፣ ግን ለምን?

የመድኃኒቱን ነገር በተመለከተ ሳይትህ ተጠልፏል፣ ሳይሆን አይቀርም አይደለም፣ ተጠልፏል። ለጉግል አንድ ገጽ ያሳያል ለሰው ሌላ፣ የታወቀ ዘዴ ነው። 1.5 ላይ ጄሲኢ የሚባለው ኤዲተር የድሮ ቨርዥኑ ካለ በሱ በኩል ነው ብዙ ጊዜ የሚገቡት፣ ፎቶ መስሎ የሚገባ ፋይል ይጭኑና ስሙን ወደ ፒኤችፒ ይቀይሩታል። በዲሴምበር 2015 ደግሞ ከ1.5 ጀምሮ ሁሉንም የሚነካ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ ጁምላዎች ድጋፉ ላለቀው ለ1.5 ሳይቀር ማስተካከያ አውጥተው ነበር። ማን ጫነው? ማንም።

ስለዚ የምትወስደው ሲስተሙን አይደለም፣ ዕቃውን ነው። ዕቃው ሦስት ነገር ነው፣ ዳታቤዙ፣ ኢሜጅስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ስቶሪስ የሚባለው፣ እና የድሮ ሊንኮቹ ዝርዝር። ሌላው ኮድ በሙሉ ይቅር፣ አንድ ፋይል እንዳታመጣ። አዲሱን ደግሞ ከነዚህ የተጠለፉ ፋይሎች ጋር አንድ አካውንት ላይ እንዳትጭነው።

ዛሬ ማታ የምትሠራው፦ ሲፓኔል ገብተህ ፋይል ማኔጀር ላይ ሙሉውን ዚፕ አድርገህ አውርድ፣ በኤፍቲፒ ፋይል በፋይል ልሳብ ካልክ በኛ ኔትወርክ እስከ ጥምቀት አይጨርስም። ዳታቤዙን ለብቻ አውጣ። ሁለት ቦታ አስቀምጥ። ከዛ ወዲህ ነው ሌላ ወሬ የሚኖረው።

የለገሀሬ_ልጅ፦

እህትህ ነኝ ሃሃሃ፣ ግን አመሰግናለሁ ወንድም። ዚፑ 4.1 ጊጋ ሆነ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቼ ነው ያወረድኩት፣ 87 ፐርሰንት ላይ መብራት ሄደ፣ ያለቀስኩት እውነት ነው። በማግስቱ እንደገና። አሁን ላፕቶፔ ላይም ፍላሽ ላይም አለ።

ፈረስ_መጋላ፦

ከሐረር ነው የምጽፈው፣ ጀጎል ውስጥ ትንሽ ገስት ሃውስ አለችን። ሳቢያን ያለው ልክ ነው እኔ ግን በኪሴ ነው የተማርኩት። የኛም ሳይት እንዲሁ ተጠልፎ አንድ ባለሙያ ቀጠርን፣ ስሙን አልጠራም፣ አጸዳሁት ብሎ አዲስ ሰርቨር ላይ አስቀመጠልን። ብሩን ከፈልን። በ12ኛው ቀን ያው ማስታወቂያ ተመለሰ። ሰውየው ለካ ሙሉውን ፎልደር እንዳለ ነው የገለበጠው፣ የጅቡ ትርኢት ፎቶ ያለበት ፎልደር ውስጥ ከፎቶዎቹ መሀል አንድ ፒኤችፒ ፋይል ተቀምጧል፣ ስሙም ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ዓይነት፣ መጨረሻው ብቻ ነው የሚለየው። ከመቶ ፎቶ መሀል ማን ያየዋል? ፎቶ ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒ ምንም ሥራ የለውም እህቴ፣ ካየሽ አጥፊ። በስም ሳይሆን በዓይነት ደርድሪው ወዲያው ይለይልሻል።

አሁን ግን ከሳቢያን ትንሽ እለያለሁ። ወርድፕረስ ለምን አስፈለገ? እዛ ሳይት ላይ አዲስ የሚጽፍ ሰው አለ? ከሌለ ሁሉንም ዝም ብለሽ ኤችቲኤምኤል አድርጊውና አስቀምጪው። ኤችቲትራክ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሳይቱን እንዳለ ገጽ በገጽ ያወርድልሻል። ዳታቤዝ የለ፣ ፒኤችፒ የለ፣ የሚጠለፍ ነገር የለ። ወርድፕረስ ካደረግሽው በየጊዜው አፕዴት የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል፣ አንቺ ነገ አግብተሽ አዳማ ብትሄጂ ማን ያደርገዋል? ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ልጅ እዚሁ መጥቶ ያንቺን ጥያቄ ይጠይቀናል። እኛ በመጨረሻ እንደዛ ነው ያደረግነው፣ አምስት ገጽና አንድ የስልክ ቁጥር፣ እንግዳውም ይደውላል እኛም ቁጢ አፍልተን እንጠብቃለን።

ሳቢያን_ዴቭ፦

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ኤችቲትራክ የሚያወርደው የተጠለፈውን ሳይት ነው፣ ማስታወቂያውንም አብሮ ሊገለብጠው ይችላል። ኤችቲኤምኤል ይሁን ካላችሁም መጀመሪያ ዳታቤዙ ይጽዳ። እና እህቴ ይቅርታ፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፣ የሚጽፍ አለ?

የለገሀሬ_ልጅ፦

አለ እንጂ። እንደውም አሁን ነው የባሰው፣ ሽማግሌዎቹ እየሄዱብን ነው፣ በየወሩ አንድ ሁለት የእረፍት ዜና ይገባል፣ ሥሩ ላይ ከጅቡቲም ከካናዳም ሰው እየመጣ እገሌ እኮ እንዲህ ነበር ብሎ ይጽፋል። ኮመንቱ ነው ሳይቱ። ስለዚ ወርድፕረስ ይሁን፣ አዳማም አልሄድም አቦ፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።

ሳቢያን_ዴቭ፦

እሺ። ወርድፕረሱን መጀመሪያ ላፕቶፕሽ ላይ ነው የምትጭኚው፣ ኢንተርኔት ላይ አይደለም። ዛምፕ ጫኚ (ላፕቶፑን እንደ ሰርቨር የሚያደርግ ፕሮግራም ነው)፣ የድሮውን ዳታቤዝ በአንድ ስም አስገቢ፣ ወርድፕረሱን በሌላ። ኤፍጂ ጁምላ ቱ ወርድፕረስ የሚባል ፕለጊን አለ፣ ከ1.5 ጀምሮ ያነባል፣ ከድሮው ዳታቤዝ በቀጥታ ነው የሚስበው፣ የጁምላ አድሚን ፓስወርድ አያስፈልግሽም። ነጻው ጽሑፉን፣ ካታጎሪውንና ፎቶውን ያመጣል፣ ዩዘሮቹንና የድሮ ሊንኩን የሚያመጣው የሚከፈልበት ነው።

አንድ ነገር አስተውዪ፣ ጁምላ አንዱን ጽሑፍ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያስቀምጠው፣ መግቢያው አንድ ኮለም ላይ "ተጨማሪ ያንብቡ" ከሚለው በታች ያለው ሌላ ኮለም ላይ። በእጅ ኮፒ ላድርግ ያለ ሰው ሁሌ ግማሹን ትቶ ነው የሚመጣው። ኮመንቱ ደግሞ 1.5 ላይ ከጁምላ ጋር አይመጣም፣ የሆነ ኤክስቴንሽን ነው የተጫነው፣ የራሱ ቴብል ይኖረዋል፣ ስሙን ንገሪኝ።

የለገሀሬ_ልጅ፦

ከ4 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ፕለጊኑ ሠራ፣ 638 ጽሑፍ መጣ። ግን ያ ጀማዓ ፊደሉ! ግማሹ በደህና አማርኛ ነው። ግማሹ ኤ ላይ ጭረት የተደረገባት የፈረንሳይ ፊደል በየመሀሉ እየገባ ሌላ ሌላ ምልክት የተደረደረበት ነገር ሆኗል። ለአባቴ ሳሳየው "ባቡሩን ያስኬዱት ፈረንሳዮቹ አይደሉ፣ ወደ ባለቤቱ መመለሱ ነው" አለኝ። ይህ ሳይበቃ ወደ 40 የሚሆኑት ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ ናቸው፣ ተደርድሮ።

ሳቢያን_ዴቭ፦

አይዞሽ፣ ጭረት ያለባት ኤ ካየሽ ደስ ይበልሽ፣ ጽሑፉ አልጠፋም ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ ኤይት (ፊደል በባይት የሚቀመጥበት ዘዴ ነው) 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ የመጀመሪያው ባይት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ያንን ባይት ላቲን ዋን (የአውሮፓ ፊደል የድሮ ዘዴ) አድርገሽ ካነበብሽው ያቺ ኤ ትሆናለች። ባይቱ ትክክል ነው፣ የሚያነበው ነው የተሳሳተው። የጥያቄ ምልክቱ ግን ሌላ ነው፣ እዛ ኮፒ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም። ግን ኮፒው ላይ ነው ያልኩት፣ ዋናው ዳታቤዝ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ዳምፑ (የዳታቤዙ ኮፒ ፋይል) ሲወጣ ተበላሽቶ ይሆናል። ስለዚ የድሮውን እንዳትነኪው።

እንዲህ አድርጊ፦ ዳምፑን ከሰርቨሩ እንደገና አውጪ፣ ስታወጪ ካራክተር ሴቱን ላቲን ዋን በዪው። ሰርቨሩ ምንም ሳይተረጉም ባይቱን እንዳለ ይሰጥሻል። ከዛ ፋይሉን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ ክፈቺ፣ አማርኛው በትክክል ከታየሽ አልቋል ማለት ነው፣ ቴብሎቹ ላይ ላቲን ዋን የሚለውን በሙሉ ዩቲኤፍ ኤይት ኤምቢ ፎር በሚለው ተኪውና ባዶ ዳታቤዝ ላይ አስገቢው። በደህና የመጡት ቴብሎች ላይ ግን ይሄን እንዳታደርጊ፣ እነሱን ታበላሺአለሽ። የተቀላቀለ ከሆነ ሁለት ዳምፕ ነው የምታወጪው።

የለገሀሬ_ልጅ፦

ወላሂ ሠራ!! ኮመንቶቹ ናቸው ለካ የተበላሸ ቴብል የነበራቸው፣ እና የድሮ ጽሑፎቹ። ከ40ዎቹ የጥያቄ ምልክት ውስጥ 31ዱ ተመለሱ። የቀሩት ሲጻፉ ጀምሮ የተበላሹ ይመስለኛል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ የገቡ 58 ጽሑፎች አሉ፣ እነሱ ጭረትም የላቸውም የጥያቄ ምልክትም አይደሉም፣ ዝም ብለው የእንግሊዝኛ ፊደል ናቸው፣ ትርጉም የሌለው፣ ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደችበት ነው የሚመስለው። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ያዩ ሰው የጻፉት አንዱ እዛ ውስጥ ነው።

ጋሼ_ዲስኬት፦

ልጄ እሱ ኢንኮዲንግ አይደለም፣ ፎንት ነው። ይሄ የኛ ዘመን ጣጣ ነው፣ እናንተ አላያችሁትም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ እዚህ አገር ግን ከዛም በኋላ ብዙ ዓመት በድሮው ፎንት ነበር የምንጽፈው፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ሌላም ሌላም። ስክሪኑ ላይ "ለ" ይታያል፣ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ግን የላቲን ፊደል ነው፣ ፎንቱ ነው "ለ" አስመስሎ የሚያሳይሽ። ያኔ ሳይቶች ከላይ "ፎንቱን ያውርዱ" የሚል ሊንክ የነበራቸው ለዚህ ነው። ሽማግሌው በወርድ ጽፈው ልጁ ኮፒ ፔስት አድርጎ አስገባው፣ ፎንቱ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ ጽሑፉ ራቁቱን ቀረ።

ጁምላው ኤዲተር ፎንቱን ከጽሑፉ ጋር ይዞት ሊሆን ይችላል። ዳታቤዙ ላይ ጽሑፉን እንዳለ ክፈቺና በመሀል የፎንት ስም ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ስሙን ካገኘሽ ሥራው ግማሽ አለቀ፣ የትኛው ፎንት እንደሆነ ካልታወቀ ግን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሉም የየራሱ አሰላለፍ ነበረው።

ስትቀይሪ የሚሳሳቱበት ቦታ ይኼ ነው፦ የድሮ ፎንት 256 ቦታ ነው ያለው፣ ፊደላችን ደግሞ ከዛ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙው ፊደል በሁለት ምልክት ነው የሚጻፈው፣ አካሉ ለብቻ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻ። አንድ በአንድ ከተካሽ "ለ" እና ተንሳፋፊ ቀለበት ታገኛለሽ። መጀመሪያ የሁለት ምልክቶቹን ጥምር ተኪ፣ ነጠላውን መጨረሻ ላይ። ከዛ በኋላ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ እንደ አራት ነጥብ የተጻፈውን በሙሉ ወደ እውነተኛው "።" ቀይሪው፣ እሱ የሁላችንም ኃጢአት ነው፣ ዛሬም የሚጽፍ አለ።

የለገሀሬ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የፎንቱን ስም አገኘሁት፣ ቪዥዋል ግዕዝ ነው። የጎርፉን ጽሑፍ ለመሞከር ርዕሱን ብቻ በእጄ ስቀይር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን ወጣ፣ "ሌሊቱን የሰማነው ድምፅ" ነው የሚለው። አንብቤው ትንሽ ዝም አልኩ።

ሳቢያን_ዴቭ፦

እሱ እየተሠራ፣ ስለ ሊንኩ ሳልረሳው ልንገርሽ። ወርድፕረስ ርዕሱን ራሱ ሊንክ ያደርገዋል፣ በአማርኛ ይሄ ያበላሻል። አንዷ ፊደል 3 ባይት፣ ሊንክ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክት 3 ካራክተር፣ ስለዚ አንዷ ፊደል 9። ወርድፕረስ ደግሞ 200 ላይ ይቆርጠዋል። 22 ፊደል ነው የምታገኚው። "የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞች" ብሎ የሚጀምር ርዕስ ሁሉ ከዛ በኋላ አምስት ፊደል ነው የሚቀረው፣ የተመሳሰሉት ደግሞ መጨረሻቸው ላይ 2፣ 3፣ 4 እየተባለ ይቀጥላል። ቴሌግራም ላይ ሼር ሲደረግም ግማሽ ገጽ ፐርሰንት ነው። የድሮውን የጁምላ ቁጥር ሊንክ አድርጊው፣ ከፊቱ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አስገቢ፣ ቁጥር ብቻ ከሆነ ከገጽ ቁጥር ጋር ሊያምታታው ይችላል።

ይሄ ለሌላም ይጠቅምሻል። የድሮው ሊንክ ውስጥ ያው ቁጥር ስላለ አንድ ሕግ ብቻ ጽፈሽ ሁሉንም በ301 (ገጹ ለዘለቄታው ቦታ ቀይሯል የሚል ምልክት) ወደ አዲሱ ታዞሪያለሽ፣ 638 መስመር መጻፍ የለም። ኤችቲአክሰስ ፋይል (ለሰርቨሩ ትእዛዝ የሚጻፍበት) ላይ ስትጽፊ ግን ተራው ሪዳይሬክት ከጥያቄ ምልክት በኋላ ያለውን አያየውም፣ ሪራይት ተጠቅመሽ ኩዌሪ ስትሪንጉን ማየት አለብሽ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ አልሠራልኝም የሚለው።

ፈረስ_መጋላ፦

እና ከመክፈትሽ በፊት ፓስወርዱን ሁሉ ቀይሪ፣ ሲፓኔሉንም ዳታቤዙንም። እኛ ያልነው ሰው እሱንም ረስቶት ነበር።

የለገሀሬ_ልጅ፦

ሰርች ኮንሶል (ጉግል ለሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው መከታተያ) ላይ የመድኃኒቱ ገጾች እየቀነሱ ነው፣ አላለቁም ግን እየቀነሱ ነው። አዲሱ ሳይት ከትላንት ጀምሮ ተከፍቷል፣ ፎንቱን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አድርጌዋለሁ፣ ስልክ ላይ አባቴ ያለ መነጽር አነበበው። የድሮው ሊንክ ከካናዳ ሲከፈትም ወደ አዲሱ ሄደ።

የቀሩኝ 57ቱ የቪዥዋል ግዕዝ ጽሑፎች ናቸው። የምልክቶቹን አሰላለፍ በእጄ እያወጣሁ ነው፣ ግን ፎንቱ ራሱ ቢኖረኝ ስክሪን ላይ እያየሁ በአንድ ቀን እጨርሰው ነበር። የድሮ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ያለው ሰው ድሬ ውስጥ አለ?

ጋሼ_ዲስኬት፦

እኔ ጋ አለ። መጋላ ነኝ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለበት አንድ ሣጥን ቤት ውስጥ አለ፣ ሲነሳ ጫጫታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል እንጂ ይሠራል። ፍላሽ ይዘሽ ነይ፣ ቫይረስ የሌለበት። ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከሰዓት ሙቀቱም በርጫውም አለ አልነሳም። አባትሽንም ይዘሽው ነይ፣ ከ58ቱ ውስጥ የኔም አንዱ ሳይኖር አይቀርም።